አንድ ብር ለአንድ ነፍስ

ባሌን አድማሴን ወረታ ውስጥ የማያውቀው ሰው አልነበረም፤ የሚወደው ግን ጥቂት ነበር። «ቋጣሪ» ይሉታል። ሐሰት ነው ብዬ አልከራከርም። አንዷን የክብሪት እንጨት በምላጭ ለሁለት የሚሰነጥቅ ሰው ሌላ ምን ይባላል? ገበያ ወጥቶ ሽንኩርት ሲገዛልኝ እንኳ ቆጥሮ ነው የሚያስረክበኝ። «አሥራ ስምንት ራስ ነው» ይለኛል። «እሺ ጌታዬ፣ ደረሰኝ ልቁረጥልህ?» እለዋለሁ። እሱ መች ይስቃል! እንዲያውም ደረሰኝ ብሰጠው ደስ የሚለው ይመስለኛል። አሁን ነፍሱን ይማረውና፣ እኔ ነኝ የማማው፤ ሌላ ሰው ሲያማው ግን አልወድም።

ተወልዶ ያደገው ይፋግ ነው። አባቱ በልጅነቱ ስለሞቱበት አንድ የጨው ነጋዴ ወስዶ አሳደገው። ሒሳብ የተማረው እዚያ ሰውዬ መጋዘን ውስጥ አሞሌ ሲቆጥር ነው። ፊደሉን ከቄስ ትምህርት ቤት አገኘ፤ የእጁ ጽሕፈት ደግሞ ሲያዩት ደስ ይላል። የወረታ ማዘጋጃ ቤት ሲቋቋም ገንዘብ ያዥ ተብሎ በወር ሠላሳ ብር ገባ። ማዘጋጃ ቤት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የብረት ሣጥን፣ ሁለት ዘበኛ፣ አንድ መንገድ ጠራጊ፣ በቃ። ገንዘቡም ከገበያ ቀረጥ፣ ከቦታ ኪራይና ከከብት ማረጃ የሚለቀም ሳንቲም ነው። ያችን ሳንቲም አድማሴ ዓመቱን ሙሉ እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃታል። ጠላቱ እንኳ «ሌባ ነው» ብሎት አያውቅም።

የማወራችሁ ስለ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት መግቢያ ነው፤ ስለ ንዳዱ ዓመት።

ንዳድ፣ ዛሬ ወባ የምትሉት፣ ለፎገራ ሰው እንግዳ አይደለም። ክረምቱ ሲወጣ፣ ርብና ጉማራ ወንዞች ሜዳው ላይ ያስተኙት ውኃ ሲሸሽ፣ ከየመንደሩ አንድ ሁለት ሰው ይዞ ይለቃል። የዚያን ዓመት ግን ከነሐሴ ጀምሮ ቤት አልመረጠም። ሰባት ሰው ያለበት ቤት ሰባቱም መደብ ላይ ተኝተው ይንቀጠቀጣሉ፤ ውኃ የሚያቀብል ጠፋ። ጤፉን አረም ዋጠው። ላሞቹ የሚያልባቸው አጥተው ጡታቸው አብጦ በየሜዳው ይጮሃሉ። ያ ጩኸት እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። መስከረም ጠብቶ በመጀመሪያው የገበያ ቀን አደባባዩ ላይ የቆጠርኩት ዘጠኝ ሴት ብቻ ነው። አድማሴ ወትሮ በአንድ ገበያ እስከ ሃያ ብር ቀረጥ ይሰበስባል፤ የዚያን ቀን አንድ ብር ከስሙኒ ይዞ ገባ።

የከተማው ሹምም ራሳቸው ታመው በጭነት መኪና ወደ ጎንደር ተወሰዱ። ሲሄዱ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው አንዲት ወረቀት ፈርመው ለአድማሴ ሰጡት፤ «ለሕዝቡ ደኅንነት የሚያስፈልገውን ከሣጥኑ አውጣ» ትላለች። ሣጥኑ ውስጥ የነበረው ስድስት መቶ ሃያ ብር ነው። ከዚያ ላይ አራት መቶው ለገበያው ዳስ ቆርቆሮ መግዣ ተብሎ ሁለት ዓመት የተጠራቀመ ነበር። ከዚያ ሌላ ከተማው ያለው ነገር የለም፤ ገበያ ሞቷልና የሚመጣም የለም።

«የቆርቆሮው ነገር ቀረ» አለኝ ያን ቀን ቤት ሲገባ። ፊቱን ላየው የቅርብ ዘመድ የተረዳ ይመስላል።

በማግስቱ ባላምባራስ በላቸው ሽማግሌዎች አስከትለው ማዘጋጃ ቤት መጡ። ባላምባራስ በከተማው የተከበሩ ሰው ናቸው፤ በዚያው ሳምንት የበኩር ልጃቸውን ቀብረዋል። እኔ ለአድማሴ ምሳ ይዤለት ሄጄ ስለነበር በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ።

«ልጄ፣ ሰው በአሮጌ ሰሌን እየተጠቀለለ እየተቀበረ ነው» አሉት። «ጉድጓድ የሚቆፍር ጉልበተኛም ጠፍቷል። ከከተማው ገንዘብ ለመገነዣ የሚሆን ጨርቅ ይገዛ፤ ለቆፋሪም የቀን ይከፈለው። የሞተው እንደ ክርስቲያን ይቀበር።»

«ባላምባራስ፣ አንድ መገነዣ ስንት ያወጣል?» አላቸው።

«ምን አውቄ፤ ሁለት ብር ይሆናል።»

«በሁለት ብር ሁለት ሰው አድናለሁ። ጎንደር የንዳድ ኪኒን አለ፤ አንዱ ፍሬ አሥር ሳንቲም ነው። ለአንድ በሽተኛ አሥር ፍሬ ይበቃዋል ብሎ አንድ የሆስፒታል ድሬሰር ጽፎልኛል። አንድ ብር ለአንድ ነፍስ ነው። ለሞተ ሰው የማወጣው ገንዘብ የለኝም፤ ይቅር ይበሉኝ።»

ባላምባራስ ቀና ብለው አዩት። «ይሁን፤ አንተም ልጅህን በሰሌን ስትቀብር እናይሃለን» ብለው ወጡ። ልጅ እንደሌለን እያወቁ! ምን ያህል ቢከፉ ነው እንዲህ ያሉት ብዬ አዘንኩ እንጂ አልተቀየምኳቸውም። የተቆጣሁት በእሱ ነው። ምሳውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጌ «ልጁን ትናንት ለቀበረ ሰው እንዲህ ይባላል?» አልኩት።

«ሌላውን ተይውና፣ ሒሳቡን የት ላይ ተሳሳትኩ?» አለኝ። እንግዲህ እንዲህ ካለ ሰው ጋር ነው የኖርኩት።

የሻው የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ነበረ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ወደ ጎንደር ይመላለሳል። አድማሴ ሁለት መቶ ብር ቆጥሮ ሰጠው፤ የሻውም ሁለት ሺህ ኪኒን ይዞለት መጣ። አድማሴ አሥር አሥር ፍሬ እያደረገ በወረቀት ጠቀለለው። በየቤቱ እየዞረ ለበሽተኛው አንድ ጥቅል እየሰጠ ስሙን በመዝገብ ጻፈ። ለሁሉ እንደማይበቃ ስላወቀ ከአንድ ቤት ለሁለት ሰው ብቻ ነው የሰጠው። «በመጀመሪያው ቀን አራት፣ በሁለተኛው ሦስት፣ በሦስተኛው ሦስት» እያለ እንደ ዳዊት አስደገማቸው። እኔም ያኔ ታምሜ ነበርና ስሜ መዝገቡ ላይ ሰፍሯል።

እስቲ እናንተው ፍረዱ። አንድ ቤት ውስጥ ስድስት ሰው ተኝቶ መድኃኒቱ ለሁለቱ ብቻ ቢሰጥ፣ እነዚያ ሁለቱ አራቱ እያዩአቸው አሥር አሥር ፍሬ ብቻቸውን ይውጣሉ? እኛ እኮ ቁራሽ ይዘን ሰው ሲያልፍ «እንብላ» ሳንል ከጉሮሯችን የማይወርድልን ሰዎች ነን! እናት ለልጇ፣ ልጅ ለአያቱ፣ አያት ለጎረቤት አካፈሉ። ያልታመመው እንኳ «እንዳይዘኝ» ብሎ አንዷን ቀመሰ። ለእያንዳንዱ ሁለት ሦስት ፍሬ ደረሰው። ትኩሳቱ ለጥቂት ቀን ጋብ ይልና «ተመስገን» ሲሉ በሳምንቱ ተመልሶ ይጥላቸዋል። አድማሴ ሰውን ይቆጥራል እንጂ ሰው እንዴት እንደሚበላ አልቆጠረም ነበር።

እኔስ ብሆን? ከአጥሬ ወዲያ ሸዋዓለም የምትባል ጎረቤቴ ነበረች፤ የሸማኔው የአበረ ሚስት። ሁለቱ ልጆቿ ታመውባት ጥቅሉ ለእነሱ ሳይደርስ አለቀ። ትልቋ ጽጌሬዳ የስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ ሲያንቀጠቅጣት ጥርሷ ሲጋጭ እኔ ቤት ድረስ ይሰማል። ይኼን እየሰማሁ እንዴት አድርጌ ልዋጥ? ከአሥሩ ስድስቱን ለልጆቹ ሰጠሁ፤ አራቱን እኔ ዋጥኩ። ልጆቹ ለጊዜው ተነሡ። እኔ ግን በስምንተኛው ቀን እንደገና ወደቅኩ።

አድማሴ ነገሩ ሲገባው ያበደ መሰለ። መሬቱን በእግሩ እየደበደበ «ሁለት መቶ ብር! ሁለት መቶ ሰው የሚያድን ብር! እንደ ቆሎ ተዘገኑት እኮ!» ይላል። ከዚያ ቁጭ ብሎ አዲስ ደንብ አወጣ። ከቀረው ላይ ሁለት መቶ ሃያ ብር ለየሻው ሰጥቶ ሁለተኛ ኪኒን አስመጣ። ይኼኛው ለማንም በእጁ አይሰጥም፤ ገበያው ላይ ጠረጴዛ ይወጣል፣ በሽተኛው ሦስት ቀን እየመጣ አድማሴ እያየው ይውጣል፣ ከዚያ በስሙ ትይዩ ምልክት ይደረጋል። ይኼስ ደግ ነበር። ሁለተኛው ደንብ ነው የከፋው፤ በፊተኛው መዝገብ ስሙ ያለ ሰው አይሰጠውም።

«ድርሻቸው ወጥቶላቸዋል» አለኝ። «ገና አንድ ፍሬ ያልደረሰው ሰው ከአራት መቶ በላይ ነው።»

መደብ ላይ ሁለት ጋቢ ደርቤ እየተንቀጠቀጥኩ ነው የምሰማው። «እኔስ?» አልኩት።

መዝገቡን ያገላብጣል።

«አድማሴ፣ እኔስ?»

«አንቺም በፊተኛው መዝገብ ላይ አለሽ።»

«ስድስቱን ለማን እንደሰጠሁ አታውቅም?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ከደሞዝህ ግዛልኝ!»

«ደሞዜን ከወሰድኩ ሁለት ወር ሆነኝ፤ እዚያው ኪኒኑ ውስጥ ገብቷል። ብሩስ ቢኖር? የተቆጠረው ኪኒኑ ነው፤ ለአንቺ አሥር ፍሬ ካነሣሁ ከሰልፉ አንድ ሰው ባዶ አፉን ይመለሳል። ትናንት ስንቱን እናት ‹ድርሻሽ አልቋል› ብዬ መለስኩ። ሚስቴን ሰጥቼ በየትኛው ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

«ግዴለም» አልኩት። «ጓዳ አንድ ሰሌን አለች። ዋጋዋን መዝገብህ ላይ ጻፍና በሷ ጠቅልለህ ቅበረኝ።»

ጨርቅ በውኃ ነክሮ ግንባሬ ላይ አደረገልኝና መዝገቡን ይዞ ወጣ። በሩን ሲዘጋ እጁ መቀርቀሪያውን ስቶ ሁለት ጊዜ ሲፈልገው አየሁ። ያን ቀን ጠላሁት። ልክ መሆኑን ባላውቅ ኖሮ እንኳ ይሻለኝ ነበር።

ሸዋዓለም በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ መጣች። እሷም ታማለች፤ ዓይኗ ቢጫ ሆኗል። በፊተኛው መዝገብ ስሟ ስላልነበረ ከሰልፉ ገብታ አራቷን ልትውጥ ሄዳ ነው የተመለሰችው። መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና የነጠላዋን ጥግ ፈታች። አራት ኪኒን፤ ርሰው ጠርዛቸው የሟሟ።

«ከአፌ ነው፤ አትጠየፊኝ» አለችኝ።

«ምን አደረግሽ አንቺ?»

«ጉንጬ ውስጥ ያዝኳቸዋ! ውኃውን ጠጣሁ፣ እነሱን አስቀረሁ። ኧረ እናኑ፣ ከኮሶ ይመራል! ያ ቋጣሪ ባልሽ ዓይኑን ከአፌ ሳይነቅል አታለልኩት።» ሳቀች። እኔም በዚያ ትኩሳት ውስጥ ሆኜ ሳቄ መጣ።

«አንቺስ ምን ልትውጪ ነው?» አልኳት።

«እኔ ለልጆቹ ከሰጠሽው የተረፈ አለኝ።»

ምን ይተርፋል? የሰጠኋት እኔ፣ ስድስት ፍሬ መሆኑን የማውቀው እኔ፣ ልጆቹ ሲውጡ ያየሁት እኔ። ፊቷን አየሁ፤ እሷም ማወቄን አየች። ከዚያ አራቷን ተቀብዬ ዋጥኩ። መኖር ፈልጌ ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። በማግስቱ ሦስት አመጣችልኝ፣ በሦስተኛው ቀን ሦስት። አልከለከልኳትም።

እኔ ተነሣሁ። እሷ በአምስተኛው ቀን ወደቀች፣ በስምንተኛው ቀን ሞተች። አበረ የሽመና ዕቃው ላይ ጀምሮት የነበረውን ጋቢ ቆርጦ በሱ ገነዛት። ቀብሯ ላይ ለመቆም ጉልበት አነሰኝ ብዬ ቀረሁ። ጉልበት አልነበረም ያነሰኝ። ከአጥሩ ሥር ተቀምጬ የልጆቿን ለቅሶ ሰማሁ። ለማን ልናገር? ለአበረ? ለአድማሴ? «ትንሽ ይደር» እያልኩ አፌን ያዝኩ።

አፌን ስይዝ ግን ሌላ ነገር ተነሣ። በመዝገቡ ላይ ሸዋዓለም ሦስቱንም ቀን ውጣለች ይላል፤ ሰልፉ ላይ የነበረ ሁሉ ደግሞ በዓይኑ አይቷል። «አሥሩንም ውጣ ሞተች» የሚል ወሬ ከተማውን ሞላው። ግማሹ «ኪኒኑ አይሠራም» ይላል፣ ግማሹ «የገደላት ራሱ ኪኒኑ ነው» ይላል። ትናንት ስልሳ ሰው የተሰለፈበት ጠረጴዛ ፊት በማግስቱ አሥራ አንድ ሰው ቆመ፤ በሦስተኛው ቀን አራት። አበረ ጠረጴዛው ድረስ ሄዶ «ልጆቼን ገድለህ እንደ እናታቸው አትጽፋቸውም!» ብሎ አድማሴን ሰደበው። ጽጌሬዳ ያኔ ንዳዱ ተመልሶባት ነበር።

አድማሴ ምሳ ሊበላ ቤት ገባና ሳይቆርስ እጁን ታጠበ።

«ሌላው ቢሞት ሳይውጥ ቀርቶ ነው እላለሁ» አለኝ። «ሸዋዓለም ግን በዓይኔ እያየሁ ነው የዋጠችው። ጠንካራ ሴት ነበረች። እንግዲያው የሸጡልኝ ጠመኔ ነው። አራት መቶ ሃያ ብር የከተማውን ገንዘብ በጠመኔ ጨረስኩት። ሰውን በሰሌን አስቀብሬ!»

ትዳር ከያዝን አሥራ ሁለት ዓመታችን ነበር፤ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው። ልክ እንደ ሕፃን ልጅ ትከሻው ይነቃነቃል። እኔ ፊት ለፊቱ ቆሜያለሁ፤ አንድ ቃል ብናገር ያ ሁሉ ጭንቀቱ ይቀልለታል፤ ምላሴ ግን አልታዘዝ አለኝ።

«ነገ ጠዋት የሻው ይሄዳል» አለ ፊቱን ጠርጎ። «ከእንግዲህ ኪኒን አልልክበትም። የቀረውን ሁለት መቶ ብር ባላምባራስ እንዳሉት ለመገነዣ አደርገዋለሁ። ሸማኔዎቹም ይጠሩ። ቢያንስ የሞተው በወጉ ይቀበር።»

ሁለት መቶ ብር። እኔም በእሱ ቤት ኖሬ መቁጠር ለምጃለሁ። ሁለት መቶ ሰው ነው። ከዚያ ሌላ ጠረጴዛው ሥር በቆርቆሮ ውስጥ የተቀመጠው፣ ማንም የማይውጠው ኪኒን አለ። ያን ሁሉ ሰው በአፌ ይዤዋለሁ ማለት ነው።

በማግስቱ ጠዋት በትር ተደግፌ ወደ ገበያው ወጣሁ። የየሻው መኪና ሞተሩ ተነሥቶ ቆሟል። ጠረጴዛው ዙሪያ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፤ ባላምባራስ በላቸው መሐላቸው አሉ። አራት ሸማኔዎች ለመገነዣው ዋጋ ሊስማሙ መጥተዋል። ከአራቱ አንዱ አበረ ነው። ቤት የሚተዋት ሰው ስላጣ ጽጌሬዳን በጋቢ ጠቅልሎ ታቅፏታል። የሚስቱን መገነዣ ሠርቶ ሳይውል ሳያድር የሰው ሁሉ መገነዣ ሊሠራ ነው የተጠራው። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ትንፋሿ ከሩቅ ይሰማል።

አድማሴ ብሩን እየቆጠረ በባላምባራስ ፊት ይደረድራል። «መቶ ስልሳ፣ መቶ ሰባ…»

«ተው አድማሴ!» አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። «እናኑ፣ ገና አልዳንሽም፤ ወደ ቤትሽ ሂጂ» አለኝ።

«ድኛለሁ! መዳኔን ነው ልናገር የመጣሁት። ሸዋዓለም አንድም ፍሬ አልዋጠችም። የዋጥኩት እኔ ነኝ።»

አድማሴ የያዘውን ብር አስቀመጠ። የመኪናው ሞተር ብቻ ይሰማል።

«እዚህ አንተ ፊት ውኃውን ትጠጣለች፤ ኪኒኑን ጉንጯ ውስጥ ይዛ ወደ እኔ ታመጣለች። አራት፣ ሦስት፣ ሦስት። እኔ ፊተኛውን ለልጆቿ ስላካፈልኩ ነው። የተረፈኝ አለ ብላ ዋሸችኝ፤ መዋሸቷን አውቄ ዋጥኩ። እሷ መድኃኒት ሳትቀምስ ሞተች። እኔ ይኸው ቆሜያለሁ። ኪኒኑ ይሠራል፤ የሚሠራ ባይሆን እኔን ነበር የምትቀብሩኝ!»

ከዚያ ወዲያ መሬት ተቀመጥኩ።

አድማሴ አላየኝም። መዝገቡን ገልጦ በጣቱ እየተከተለ ስሟን ፈለገ። ሲያገኘው ብዕሩን ነከረ፤ በሦስቱ ምልክቶች ላይ መስመር አሰመረ። ያ የሚያምር ጽሕፈቱ ተበላሸ። «ሁለት ጊዜ ወስደሻል» አለኝ። ስሜን ከእሷ ስም አጠገብ ጻፈ።

ባላምባራስ በላቸው ፊታቸው የተደረደረውን ብር በሁለት እጃቸው ሰብስበው ወደ አድማሴ ገፉለት። «ለሾፌሩ ስጠው» አሉ። «የእኔ ልጅ እንደሆነ ተቀብሯል።»

አበረ ግን ወደ እኔ መጣ። ሊመታኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢመታኝ ደስ ባለኝ። ልጁን እንደታቀፈ ቆመብኝ።

«ሚስቴን በላሻት» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

«ሲያስለቅሰኝ የከረመው መድኃኒቱ ነው ብዬ ነበር። ይቺንም ልቀብራት ነበር እኮ! መድኃኒቱ አጠገቧ ተቀምጦ!»

ከዚያ ዞር ብሎ ጽጌሬዳን ጠረጴዛው ላይ፣ ብሩ ተደርድሮ በነበረበት ቦታ አስቀመጣት። «ስጣት» አለው አድማሴን። አድማሴ የሕፃን ልክ አንዱን ኪኒን ሰብሮ ለካ፤ ውኃ ቀዳ። ልጅቷ ምሬቱ ሲነካት ከንፈሯን ገጥማ ጭንቅላቷን ታወዛውዛለች። አበረ አገጯን ያዘ። ከዚያ እኔን ጠራኝ።

«ተነሽ። ነይ እይ። ዋጠችው ወይስ አልዋጠችውም፣ የምትነግሪኝ አንቺ ነሽ።»

በትሬን ተደግፌ ተነሣሁ። የልጅቷን አፍ ከፈትኩ። ጣቴን አስገብቼ በግራ ጉንጯ አየሁ፣ በቀኝ ጉንጯ አየሁ፣ ምላሷን አንሥቼ ከሥር አየሁ። ትኩሳቷ ጣቴን ያቃጥላል። ባዶ ነው።

«ውጣለች» አልኩ።

አድማሴ «ጽጌሬዳ አበረ» ብሎ ጻፈ። የሻው ብሩን ብብቱ ውስጥ ከትቶ መኪናው ላይ ወጣ። ከሸማኔዎቹ ኋላ ቆመው ያዩ የነበሩ ሰዎች እየቀረቡ መጡ፤ አንዷ ሴትዮ ነጠላዋን አስተካክላ ለመሰለፍ ቦታ ፈለገች። አበረ ልጁን ወደ ትከሻው አንሥቶ ራሱ ከጠረጴዛው ፊት ቆመ፤ ለካ እሱንም ንዳዱ ከያዘው ሰንብቷል። አራቷን ፍሬ በአንድ ጊዜ ዋጠና፣ ዓይን ዓይኔን እያየ አፉን ከፈተልኝ።